ነባርና አዲስ

ግድግዳውን የት ላይ እንደምታቆመው ለመወሰን ካዝና አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። አዲሱ ሃርድ ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ ረጅም ባዶ አግዳሚ ሆኖ ይታያል፤ ማንም ያልረገጠው አዲስ ወለል ይመስላል። የመክፈያውን መስመር ይዛ ከግራ ወደ ቀኝ ጎተተች፣ አሁንም ጎተተች፣ በስተቀኝ ጠበብ ያለች ቁራሽ ብቻ ስትቀር ቆመች።

«ምነው ከፋፈልሽው?» አለ ወንድሟ፤ ከኋላዋ ቆሞ የካሜራ ባትሪዎችን ወደ ቦርሳው እየከተተ ነበር። «አንድ ሰፊ ሜዳ አድርገሽ ብትተዪው አይሻልም?»

«ሜዳ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ይጠፋል። ክፍል ክፍል ሲኖረው ሁሉም የራሱን ያውቃል።»

«እሺ፣ ያንቺ ሥራ ነው። ስምንት ቴራ እኮ ነው፣ ምን ቢከፋፈል ያልቃል?»

«ስምንት የሚለው ካርቶኑ ነው። ውስጡ ሰባት ነጥብ ሁለት ሰባት ነው።»

«እንደኛ ማስታወቂያ በይው» ብሎ ሳቀና ቦርሳውን ዘጋ።

እሷ አልሳቀችም። የመጀመሪያውን ክፍል «ነባር» ብላ ሰየመችው፤ አምስት ነጥብ ሰባት ሰባት ቴራ። ለሁለተኛው «አዲስ» የሚል ስም ሰጠችው፤ አንድ ነጥብ አምስት።

ስሟ ካዝና አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ የጠፋበትን የአባቱን ፎቶ ፍለጋ መጥቶ፣ እሷ ከአምስት መቶ ፎልደር መሀል በሁለት ደቂቃ አውጥታ ስትሰጠው፣ ወንድሟ «ይቺ እህት አይደለችም፣ ካዝና ናት» አለ፤ እንደዚያው ቀረ። ፎቶ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ወንድሟ ሰው ያስተናግዳል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይስቃል፣ ያስቃል። በኋለኛው፣ መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ በተሸፈነው፣ ካዝና አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጣ የሰው ሠርግና የሰው ምርቃት ስትቆርጥና ስትቀጥል ኖራለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ «አሮጌው ዲስክ ሞልቷል፣ ሁለተኛ ቅጂ የማስቀምጥበት የለኝም፣ አዲስ ግዛልን» እያለች ነዝንዛዋለች። «ይሄ ወር ይለፍ» ይላት ነበር። ወሩ ያልፋል፣ ሌላው ይተካል። ሰኞ ማታ እራት ላይ ግን ሚስቱ ማንኪያዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «ቦታ እያነሰን ነው መሰለኝ» አለች። ሐሙስ ጠዋት ዲስኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሚስቱን ካዝና «ሙሽሪት» ነው የምትላት። ከተጋቡ ሃያ ወር ሆኗቸዋል፤ ሃያ ወር ሙሉ ሙሽራ የሆነ ሰው የለም። ሰሚው ግን የፍቅር መጠሪያ ይመስለዋል፤ ሙሽሪትም ሳይመስላት አልቀረም። ሙሽሪት ድሮን ታበራለች። እሷ ከመምጣቷ በፊት ቤቱ የሚተዳደረው በጉርድ ፎቶ፣ በሠርግና በምርቃት ነበር። አሁን ሕንጻ የሚያሠሩ ድርጅቶች ደጅ ይጠናሉ። ወንድሟም ለእንግዳ ሲያስተዋውቅ «ባለቤቴ ናት፣ ከሰማይ የምትቀርጸው» ይላል፤ ቀጥሎ እጁን ወደ ኋለኛው ክፍል እየዘረጋ «እህቴም እዚህ አለች» ይላል።

ካዝና ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ ደምራዋለች። የእሷ የአሥራ ሁለት ዓመት ሥራ አንድ ነጥብ ስምንት ቴራ ይይዛል። የሙሽሪት የሃያ ወር ሥራ ደግሞ ያው አንድ ነጥብ ስምንት ነው። ስለዚህ አንድ ነጥብ አምስት ሰጠቻት። እንደማይበቃት ታውቃለች። ሲሞላባት ትምጣና ትለምን።

«የሕንጻውን ግን አደራ» አለ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ። «ነገ ጠዋት አራት ሰዓት እናስረክባለን። እሷ ከትናንት ጀምሮ ተጨንቃለች።»

«ምን ያስጨንቃታል?»

«አላውቅም፣ እንቅልፍ አልወሰዳትም።»

«ካዝና ውስጥ ነው በላት። ተኝታ ትደር።»

የሕንጻው ሥራ ስድስት ወር የፈጀ ነው። ሙሽሪት በየሳምንቱ እየሄደች፣ መሬቱ ገና ጉድጓድ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ ጣሪያው እስኪመታ ድረስ፣ ከአንድ ከፍታና ከአንድ አቅጣጫ ቀርጻዋለች። ባለቤቶቹ የሚፈልጉት ሕንጻው ከአፈር ሲወጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንዲታይ ነው። ካልተደሰቱ ሌሎቹን ሦስት ሕንጻዎች ለሌላ ይሰጣሉ።

ወንድሟ ሲወጣ ካዝና አሮጌውን ዲስክ ሰካች። ከሳምንት ወዲህ ሲነሣ ያቃስታል፤ እሷም እንዳልሰማች ሆና ሰንብታለች። የሙያውን ሕግ ለወንድሟ ስንት ጊዜ ነግራዋለች፤ ከታመመ ዲስክ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ነገ የሚፈለገው ነው። ሌላው ቢቀር ይቀራል። ጣቷ «ሕንጻው» የሚለው ፎልደር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አለፈውና የራሷን ጠቅላላ ሥራ መረጠ።

«ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል» አለች። ማንም አልጠየቃትም። ሰዓቱ ሦስት ከሩብ ነበር።

አንደኛው ዓመት ገባ፣ ሁለተኛው ገባ። የፋይሎቹ ስም እየተንከባለለ ሲያልፍ ካዝና እጇን አጣጥፋ ታያለች። የማታውቀው የለም። ይቺ ቀለበቷ ጠፍቶባት ያለቀሰችው ሙሽራ ናት። ይሄ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «አሁንስ የመጨረሻ» እያሰኘ አሥራ አንድ ጊዜ ያስቀየራት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። አራት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ነበሩ።

«ልጅቷ ቁርስ ሳትበላ ወጣች አለኝ ባሏ። እዚያ አለች?»

«የለችም፣ ሰማይ ላይ ናት።»

«ምን አልሽ?»

«ሥራ ላይ ናት እማዬ።»

«በባዶ ሆዷ። እስቲ ስትመጣ የሆነ ነገር አስቀምሻት፣ ከስታብኛለች።»

«እኔም ቁርስ አልበላሁም።»

«አንቺማ ታውቂበታለሽ» አሉ እናቷና ዘጉት።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ስታውቅበት ኖራለች። ስልኩን በግንባሩ ደፍታ ወደ ሥራዋ ዞረች። አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው ዓመት ገባ።

አምስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ የመገልበጫው ፍጥነት በሰከንድ ከመቶ አሥር ሜጋባይት ወደ አርባ ወረደ፤ ከአርባ ወደ አራት። ከዚያ ጸጥ አለ። አሮጌው ዲስክ ውስጥ አንድ ነገር፣ ጥፍር ብርጭቆ ሲመታ እንደሚለው፣ ጠቅ አለ። ቆየት ብሎ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አለ። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ሐኪም የሽማግሌ ሳል እንደሚያውቀው።

ስምንት ዓመት ገብቷል። ቀጥሎ ያለው የዘጠነኛው ዓመት ፎልደር ነበር፤ የነርሶቹ ፊልም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ተማሪ ነርሶችን ሰባት ሳምንት ተከትላ፣ ራሷ ካሜራ ይዛ፣ ራሷ ድምፅ ቀድታ፣ ራሷ ቆርጣ የሠራችው። በምርቃቱ ቀን አዳራሹ ውስጥ ሲታይ የኮሌጁ ኃላፊ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠርገዋል። የቤቱ ስም የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ሙሽሪት ያን ጊዜ ይህን ሰፈር እንኳ አታውቀውም። ያለቀለት ፊልም ኮሌጁ ጋ ይኖር ይሆናል። ጥሬው ግን፣ የእጇ ሥራ የሚታይበት፣ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ይሄን ቤት ማን አቆመው የሚል ሰው አንድ ቀን ቢመጣ የምታሳየው እሱን ነው።

ዲስኩ ለአንድ ጉዞ አቅም ይኖረው ይሆናል። ለሁለት ግን የለውም።

ዲስኩ ሞተ ብትል ማን ይጠይቃታል? ዲስክ ይሞታል። በቅደም ተከተል ስገለብጥ ሳልደርስበት ቀረ ብትል ማን ይከራከራታል? ነገ አራት ሰዓት ላይ ሙሽሪት ባዶ እጇን ባለቤቶቹ ፊት ትቆማለች። ያ የሰማይ ወሬ ሁሉ አንድ ቀን መሬት ይወርዳል። ካዝና ይህን አሰበች፤ አስባም ቶሎ አላባረረችውም። እንደ ከረሜላ ምላሷ ስር አቆየችው።

ከረሜላውን ያመረረባት የራሷ አፍ ነው። ባለፈው ወር ሙሽሪት የካሜራዋን ሚሞሪ ካርዶች በእፍኟ ይዛ እዚሁ በር ላይ ቆማ ነበር። «እትዬ፣ እነዚህን ከማጥፋቴ በፊት ሌላም ቦታ ላስቀምጣቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። «ሌላ ቦታ የለንም፣ ዲስኩም አርጅቷል» ማለት ነበረባት። እሷ ግን ስለ ዲስክ በሙሽሪት አፍ መጠየቋ አናዷት፣ «ካዝና ውስጥ የገባ ዕቃ ሁለተኛ ካዝና አይፈልግም» አለቻት። ሙሽሪት አመነቻት፤ ካርዶቹን አጥፍታ ሌላ ቀረጸችባቸው።

ሕንጻው ደግሞ ተመልሶ ጉድጓድ አይሆንም።

ለሙሽሪት አዝናላት አልነበረም። ብታዝንላት ደስ ባላት። ሰው «ካዝና ከዳች» ሲል ስለታያት ነው። ጠቋሚውን «አቁም» የሚለው ላይ አድርጋ ተጫነች፤ የዘጠነኛው ዓመት ፎልደር ሳይከፈት ቀረ።

ዲስኩን ነቅላ ቬንቲሌተሩ ፊት አስቀመጠችው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አጠገቡ እንደ አስታማሚ ተቀመጠች። መልሳ ስትሰካው አቃሰተ፣ አንኳኳ፣ ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። ሌላ ምንም ሳትነካ «ሕንጻው»ን መርጣ ወደ «አዲስ» ላከችው። ፍጥነቱ የሚያሳፍር ነበር፤ ግን ይሄዳል።

ሙሽሪት የገባችው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፊቷ በፀሐይ ተቃጥሎ፣ የድሮኑን ሻንጣ በአንድ እጇ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ በእንቁላል በሌላው ይዛለች።

«እትዬ፣ በልተሻል? ላንቺም ይዣለሁ።»

በሦስት ዓመት ብቻ ለምትበልጣት ሰው እትዬ። ቀኑን ሙሉ ማንም ያልጠየቃትን እሷ መጠየቋ ደግሞ ይብስ አናደዳት።

«አስቀምጪው። ድምፅ አታሰሚ።»

«ምነው?»

«ዲስኩ እየሞተ ነው።»

ሙሽሪት ሻንጣውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። «የቱ?»

«አሮጌው ነዋ። ያንቺ ሕንጻ እየወጣ ነው። ስልሳ ሁለት ከመቶ።»

«ሌላው ቅጂስ?»

«ሌላ ቅጂ የለም። ቦታ አልነበረኝም።»

ሙሽሪት አፏን ከፍታ ዘጋችው። ባለፈው ወር የተባለችውን እንዳስታወሰች ካዝና ከፊቷ አነበበች። ሙሽሪት ግን በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሁለቱም አረንጓዴዋን መስመር ያዩ ጀመር። ስልሳ አራት። ስልሳ አምስት። አንዳንዴ ዲስኩ ሲያንኳኳ የሙሽሪት ጉልበት ብድግ ይላል።

«እንዲህ ሲያደርግ ያመዋል?» አለች በሹክሹክታ።

«እኛን ነው የሚያመን።»

ሙሽሪት በአፍንጫዋ ሳቀች። ካዝናም ሳታስበው ከንፈሯ ሊከፈት ሲል ሰበሰበችው።

ሰማንያ ላይ ሙሽሪት አንገቷን ዘንበል አደረገች። ከመገልበጫው ጎን የዲስኩ ክፍፍል የሚታይበት መስኮት እንደ ተከፈተ ነበር። ካዝና ልትዘጋው እጇን ስትልክ ዘገየች።

«ይቺ ጠባቧ ናት የኔ?»

«ሲሞላ ይሰፋል።»

«አይ፣ እንዲያው ነው ያልኩት።» ዓይኗ ግን እዚያ አልቆመም። ወደ «ነባር» አለፈ፤ በፎልደሮቹ ስም ፊት ለፊት የተጻፈው፣ የገቡበት ሰዓት ላይ ሄደ። ሦስት ሰዓት ከሃያ። አራት ከሩብ። አምስት ከሃያ። ከዚያ የራሷን ስድስት ሰዓት አየች። ከንፈሯ እየቆጠረ ሲንቀሳቀስ ካዝና አየቻት። ስድቡን ጠበቀች፤ መልሱንም አዘጋጀች፤ ከመልሱም ኋላ ሌላ መልስ አዘጋጀች።

ሙሽሪት ዳቦውን ለሁለት ከፈለችና ትልቁን ግማሽ አጠገቧ አስቀመጠችላት።

«ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መስመሩ ሞላ። ከአራተኛው ወር ሁለት ቅንጥብ አልተነበበም፤ ሌላው ሁሉ ገብቷል። ሙሽሪት አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ጉድጓዱ አለ። ምሰሶዎቹ አሉ። ጣሪያውም አለ። በሁለት መዳፏ ፊቷን ሸፈነችና ቆየች።

«አሁን ያንቺን እናውጣ» አለች እጇን ስታነሣ። «የቀረሽ ምንድን ነው?»

«አራት ዓመት።»

ካዝና የዘጠነኛውን ዓመት ፎልደር መርጣ ጫነች። ዲስኩ አንድ ጊዜ ተሽከረከረ። ሁለተኛ ሊሽከረከር ሞከረ፤ ከዚያ ሞተሩ እንደሚወርድ ሊፍት ድምፁን ቀስ እያደረገ ቆመ። ነቅላ ሰካችው። ቀዳዳ ቀየረች። ገመድ ቀየረች። ጆሮዋን ለጠፈችበት። የራሷን የደም ሥር ምት እንጂ ሌላ አልሰማችም።

ቀና ስትል ያ አግዳሚ ፊቷ ነበር። «ነባር» ብላ ካሰፋችው አዳራሽ ውስጥ ስምንት ዓመቷ አንድ ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ ሌላው ባዶ ነው። የምታስገባበት ዕቃ የሌላት ሰው የሠራችው አዳራሽ።

ወንድሟ አሥር ሰዓት ላይ ሲገባ ሁለቱን ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸው፤ እንዲህ አይቷቸው ስለማያውቅ በሩ ላይ ቆመ።

«ሰው ሞተ እንዴ?»

«ዲስኩ ሞተ» አለች ሙሽሪት። «ግን የሕንጻው ወጥቷል። ነገ እናስረክባለን። እትዬ ናት ያወጣችው።»

«ያንቺስ?» አለ ወደ እህቱ ዞሮ።

«ስምንት ዓመቱ ገብቷል።»

ወንድሟ ጣቱን እያጠፈ ዓመቶቹን ወደ ኋላ ቆጠረ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። «የነርሶቹም?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አልረሳውም ማለት ነው። ዓመቱን ሳይቀር ያውቀዋል።

«የራስሽን ትተሽ የእኛን አወጣሽ» አለ። ቦርሳውን ጣል አድርጎ መጣና እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ፤ እንዲህ ካደረገ ስንት ዓመቱ። «ለሚጠግነው ሰው እንወስደዋለን፤ የፈጀውን ይፍጅ። አንቺን የመሰለ ሰው እኮ የለም። ለሰው ሁሉ እነግራለሁ። ነገ ለባለቤቶቹም እነግራቸዋለሁ፤ እህቴ የራሷን ሥራ ገድላ ነው ያተረፈችላችሁ እላቸዋለሁ።»

ሃያ ወር የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር። ሞቃት ነው፤ ከጉሮሮዋ ወርዶ ሆዷ ደረሰ። ዝም ብትል የእሷ ነው። በዓይኗ ጥግ ሙሽሪትን ተመለከተች። ሙሽሪት አንገቷን ደፍታ የዳቦውን ወረቀት ታጥፋለች፤ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት እያደረገች። ሰዓቱን ታውቃለች። ጠባቧንም ክፍል ታውቃለች። አንዲት ቃል ብትናገር ያ እጅ ከትከሻዋ ላይ ይነሣል። አትናገርም።

ካዝና ይህን ስታይ ሞቃቱ ነገር ሆዷ ውስጥ ቀዘቀዘ። በሰማይ በለጠችኝ፣ በወንድሜ በለጠችኝ፣ በእናቴ በለጠችኝ። በደግነትም ልትበልጠኝ ነው?

«አላስቀደምኩም» አለች።

«ምኑን?» አለ ወንድሟ።

«የሷን። ከሦስት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ የራሴን ነበር የምገለብጠው። የሷን ያነሣሁት ዲስኩ ማንኳኳት ሲጀምር ነው። ክፍሉንም ያጠበብኩባት አውቄ ነው።»

የወንድሟ እጅ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ከበደ፤ ከዚያ ተነሣ። ወረቀቱን ማጠፍ ያቆመችው ሙሽሪት ነች፤ ተናዳለች፤ አሁን ገና ተናዳለች።

«እኔ መች ተናገርኩ?» አለች። «ማን ጠየቀሽ እትዬ? ዝም ብዬልሽ አልነበር?»

«ለዚህ ነው የተናገርኩት» አለች ካዝና። ከግማሽ ዳቦው ጎን የተቀመጠውን የሞተውን ዲስክ አንሥታ ለወንድሟ ሰጠችው። «ያንቺን ውለታ ተሸክሜ አላድርም።»